ዛሬ በምን ሞትክ?

የዚህ ሰውዬ እንጀራ መሞት ነበር። ጠዋት ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ሚስቱ የተኮሰችለትን ሸሚዝ ለብሶ ወደ ነርሶች ማሠልጠኛ ይሄድና እዚያ አልጋ ላይ ተጋድሞ ሲሞት ይውላል። ተማሪዎቹ ከበውት የልብ ምቱን ይቆጥራሉ፣ ግፊቱን ይለካሉ፣ ግንባሩን ይዳስሳሉ፣ ምን እንደነካው ለማወቅ ይከራከራሉ። እሱ ዓይኑን ከድኖ ያቃስታል። ሥራው አልቆ ሲወጣ "ሟቹ ጋሼ፣ ደህና ይዋሉ" ይሉታል። ስሙ እንዲህ ሆኖ ተጣበቀበትና ሰፈሩ ድረስ ተከትሎት መጣ።

ድሮ የማሠልጠኛው ዘበኛ ነበር። አንድ ቀን አስተማሪዋ፣ ሁሉም ሲስተር የሚሏቸው ቀጭን ቁጡ ሴት፣ ለትምህርት የሚሆን በሽተኛ አጥተው ሲቸገሩ በመስኮት አዩት። "እስቲ ይምጡና እዚህ ይተኙልኝ፤ ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ነዎት" አሉት። ቆቡን አውልቆ ተኛ። ያን ቀን እንዴት አድርጎ ቢሞት ነው፣ ከተማሪዎቹ አንዷ የምር መስሏት "ሐኪም ጥሩ!" እያለች በኮሪደሩ ሮጠች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ ተመለሰች፤ እሱ ደግሞ ያቺን ልጅ ለዓመታት እያነሳ ሰው ሲያስቅባት ኖረ። ከዚያ ወዲያ በሩን ሌላ ሰው እንዲጠብቅ ተደረገ።

ሲስተር ትምህርቱን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ነው የሚጀምሩት። "ሾክ ስንል ድንጋጤ እንዳይመስላችሁ። የደነገጠ ሰው ትንሽ ተቀምጦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኛ ሾክ የምንለው ደም ለሰውነት በበቂ ሳይዳረስ ሲቀር ነው። የቤታችሁን ውሃ አስቡ። ቧንቧው እምቢ ሲል ወይ ታንከሩ ባዶ ነው፣ ወይ ፓምፑ ደክሟል፣ ወይ መስመሩ አንድ ቦታ ተዘግቷል፣ ወይ ደግሞ ቧንቧው ከልክ በላይ ሰፍቶ ያው ውሃ አልሞላው ብሏል።" ከዚያ እጃቸውን ወደ አልጋው ይዘረጋሉ፤ የሟቹ ተራ ይደርሳል።

ለእያንዳንዱ የሚሞተው ሞት የተለየ ነበር። ደም ለፈሰሰው ፊቱን ነጭ የታልክ ዱቄት ይቀባል፣ ግንባሩ ላይ ውሃ ያስረጫል፣ በቀጭን ድምፅ "ውሃ... ውሃ..." ይላል፤ እጁን አስቀድሞ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ ስለሚመጣ የነካችው ተማሪ ሰውነቷ ይሸማቀቃል። ልቡ ለደከመው ወይም መስመሩ ለተዘጋበት ትራስ ተደግፎ ቁጭ ይልና ያለከልካል፣ የአንገቱንም ሥር ይወጥራል። በአንገቱ ሥር የሚኮራው ኩራት ለብቻው ነበር። ንብ ለነደፈው ወይም መርፌ ላልተስማማው ከንፈሩ ውስጥ ጥጥ ወትፎ ሰውነቱን ያካል፣ ድምፁን ያጎረንናል። ከፎቅ ወድቆ አከርካሪው የተጎዳው ሰውዬ ግን ደስ አይለውም፤ ያ ሰው ዝም ብሎ መጋደም ነው፣ ልቡም ቀስ እያለ ይመታል፣ ቆዳውም አይቀዘቅዝም። "ይሄ እንቅልፍ እንጂ ምን ሞት ነው" እያለ ያጉረመርማል።

አንድ ዓይነት ቀርቶታል። ቁስል አመርቅዞ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ሲገባ የሚመጣውን ሾክ ሲስተር አላሠሩትም። "እሱን አይችሉትም" አሉት ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ "ግለት በማስመሰል አይመጣም።" ስለዚህ ያንን በሰሌዳ ያስተምሩታል፤ ሟቹ በዚያ ሰዓት ወደ ግቢው ሻይ ቤት ወርዶ ሻዩን ይጠጣል። አንድም ቀን ቁጭ ብሎ ሰምቶት አያውቅም።

የቀረውን ግን አሳምሮ ያውቀዋል፤ ማወቁንም ሰው እንዲያውቅለት ይፈልጋል። ተማሪ ሲሳሳት አንድ ዓይኑን ከፈት አድርጎ "ልጄ፣ ደም የፈሰሰውን ሰው ያስተኙታል እንጂ ቁጭ አያደርጉትም" ይላል። ሰፈር ውስጥ ሰው ራሱን ከሳተ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። እየቆየ ራሱን ግማሽ ሐኪም አድርጎ ቆጠረ፤ ማንም ተው ያለው የለም። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ቢቀር ደግ ነበር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ የሳሎናቸውን ግማሽ ይዟል፤ የተቀረው ግማሽ ጨርቅ ነው። ሟቹ ማታ ማታ በሩን ሲከፍት ከሥራዋ ቀና ሳትል "ዛሬ በምን ሞትክ?" ትለዋለች። "በልብ" ይላል፣ ወይም "ንብ ነድፎኝ።" ይሄኔ እግሯን ከፔዳሉ ታነሳና መሃል ክፍል መጥታ እሱን ታስመስላለች። አንድም ቀን አልተሳካላትም። ለልብ ሰውነቷን ታካለች፣ ለንቡ "ውሃ ውሃ" ትላለች፣ መጨረሻ ላይ በሳቅ ትፈርሳለች። እሱ ተነስቶ ያርማታል፤ እጇን ከእዚህ ወደዚያ ያዞራል፣ አንገቷን ያስተካክላል። አንዲት ልጃቸው አግብታ ከወጣች ወዲህ የቤታቸው ሳቅ በአብዛኛው ይሄ ነበር።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የዩኒፎርም ሥራ ተደራረበባትና አንድ ቀን የመኪናው መርፌ የግራ አመልካች ጣቷን በስቶ ወጣ። በቁራጭ ጨርቅ አሰረችው። "ምን አላት፣ መርፌ ናት" አለች። በማግስቱ አበጠ፤ ከዚያም ጠቆረ። ሟቹ አየው። "ሲስተርን እጠይቅልሻለሁ" አላት። ሥራ ቦታ ሲደርስ ረሳው፤ ሲመለስም አላስታወሰችውም።

ነገሩ የሆነው እሁድ ረፋዱ ላይ ነው። ከትናንት ጀምሮ ብርድ ብርድ ብሏት ብርድ ልብስ ተከናንባ ነበር፤ ቢሆንም የቀሩት ኮሌታዎች እረፍት ነስተዋት መኪናዋ ጋ ተቀምጣለች። ሟቹ ሬዲዮ እያዳመጠ ጫማውን ይቦርሻል። ድንገት ተነሳችና የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ወደ ክፍሉ መሃል መጣች።

"ዛሬስ እኔ ሞትኩ" አለች።

ድምጿ እንደ ሌላው ጊዜ እንዳልሆነ ሰምቷል። ሰምቶም "ተሻሻለች" ብሎ አሰበ።

"በምን?" አላት ብሩሹን ሳያስቀምጥ።

ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ቀጥላም በጎኗ ተጋደመች። ፊቷ ፍም መስሏል፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "ቁልፎቹን ድመቷ ይዛቸው ሄደች" አለች። ድመት የላቸውም፤ ኖሯቸውም አያውቅም። ሟቹ ከት ብሎ ሳቀ።

"ውሃ" አለች።

"ውሃውስ ልክ ነው፣ ደም የፈሰሰው ሰው ይጠማዋል። እሱ ግን ነጭ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። አንቺ ከሠርግ የተመለስሽ ነው የምትመስይው።" ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ነካ። እሳት ነው። "እንዲህ የሚግል ሟች አይቼ አላውቅም። ተደባለቀብሽ እሜቴ።"

ይህን ሲል ደስ ብሎታል። በኋላ፣ ሌላው ሁሉ ሲቀር፣ ያቺ ደስታ ናት እንደ እሾህ ውስጡ ተሰክታ የቀረችው። መሳሳት የሰው ነው ብሎ ራሱን ሊያጽናና ይችል ይሆናል፤ ሚስቱ እግሩ ሥር ወድቃ እሱ በአዋቂነቱ መደሰቱን ግን በምን ሊያጸዳው ነው?

አጠገቧ ወለሉ ላይ ተጋደመ። "እይ፣ እንዲህ ነው። አንገትሽን ወደዚህ አዘንብይ።" አንገቷን አዘነበለች። "ጎሽ። ትንፋሽሽን ደግሞ ቀንሺው፤ በጣም አበዛሽው። ሟች እንዲህ አይቸኩልም።" ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። የምትስቅ መሰለውና እሱም ሳቀላት። "አሁን ገባሽ" አላት።

በዚህ መሃል ልጃቸው የልጆቿን ዩኒፎርም ልትወስድ በሩን ከፍታ ገባች። አባትና እናቷ ጎን ለጎን ወለሉ ላይ ተጋድመዋል። ጨዋታቸውን ስለምታውቅ መጀመሪያ ፈገግ አለች።

"እማዬ ምን ሆና ነው?"

"እየተማረች ነው" አላት አባቷ።

ልጅቷ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ የእናቷን ዓይን አየች። ቦርሳዋን ጣለች። ተንበርክካ እጇን ያዘች፣ ጣቷ ላይ ያለውን ጨርቅ ፈታች፣ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች። ከጣቷ ተነስቶ እስከ ክንዷ ድረስ ቀይ መስመር ተሰምሯል።

"አባዬ፣ ተነስ" አለችው። አልጮኸችም። ቢጮኹበት ይሻለው ነበር።

ታክሲ ውስጥ እናቷን ታቅፋ ተቀመጠች፤ እሱ ከፊት ከሹፌሩ ጎን። ሟቹ አንድ እግሩ ላይ ብቻ የተቦረሸ ጫማ እንዳለ ያየው ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ነው።

እዚያ አልጋውን ተቀብላ የገፋችው ነርስ አየችውና "ሟቹ ጋሼ!" አለች። አወቃት። ያቺ በኮሪደሩ የሮጠችው ልጅ ናት። ትንሽ ወፍራለች፣ እጇ ግን ፈጣን ሆኗል። ግፊቷን ለካች፣ ሐኪሙን ጠራች፣ በሁለቱም ክንዷ መርፌ ሰክታ ግሉኮስ አንጠለጠለች፣ ደም ቀድታ ለምርመራ ሰደደች፣ መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጠች። ይህን ሁሉ ስትሠራ ሟቹ ግድግዳ ተጠግቶ ቆሟል። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ሆኖ እንጂ ቆሞ የሚያይ ሰው ሆኖ አያውቅም፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

ሰዓታት አልፈው ትንፋሿ ረገብ ሲል ነርሷ ወደ እሱ መጣች።

"ከጣቷ ተነስቶ ወደ ደሟ ገብቷል ጋሼ። የደም ሥሮቿ ላልተው ግፊቷ ወርዶ ነበር። ኩላሊቷን ገና እንከታተላለን፤ ግን ሳትቀዘቅዝ ነው የደረሳችሁት። ሰው እኮ ሰውነቱ ሲግል ትኩሳት ነው ይልና እቤት ያስቀምጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ስናገኘው ይከብደናል። እርስዎ ባይሆኑ ኖሮ ማን ይለየው ነበር?"

ልጃቸው እዚያው ቆማለች። ሟቹ አፉን ከፈተ፤ "ይመስገን" የምትል ቃል ብቻ ወጣችው። ነርሷ ትከሻውን ነክታ ሄደች። ውሸት የሆነውን ነገር እውነት መስሏት የሮጠች ልጅ ናት፤ እሱ እውነቱን ታቅፎ ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሚስቱ ተረፈች። የጣቷን ጫፍ ቆረጡላት እንጂ ሌላው ሁሉ ተመለሰላት። ወደ ቤት ስትገባ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ልብስ ያሰፋው ሁሉ ሊጠይቃት መጣ፤ እሷም ለመጣው ሁሉ አንድ ነገር ታወራለች።

"ሌላውን አላስታውስም" ትላለች ትራስ ተደግፋ፣ "ወለሉ ላይ ስወድቅ ግን አጠገቤ መጥቶ ተኛ። ብቻዋን አትሁን ብሎ ነው። ስንት ወንድ ነው እንዲህ የሚያደርገው?"

ሴቶቹ ወደ ሟቹ ዞረው "እግዜር ይባርክህ" ይሉታል። እሱ ይሄኔ ውሃ ሊያመጣ ይነሳል። ውሃ ያልጎደለበት ብርጭቆ ይዞ ኩሽና ይገባና ቧንቧውን ከፍቶ ይቆማል። ልጃቸው አንድ ቀን እዚያ አገኘችው።

"ነገርሻት?" አላት።

"ምኑን?"

"ያንን። እየተማረች ነው ያልኩትን።"

"እኔ ምን አገባኝ" አለች ሰሃን እያነሳች። "መነገር ካለበት አንተ ንገራት።"

ወደ ሥራው ሲመለስ ደግሞ ወሬው ቀድሞት ነበር። ነርሷ ለሲስተር ደውላ ነግራለች። በሙያቸው ቁጡ የነበሩት ሴትዮ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት፤ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። "ዛሬ የሰሌዳው ትምህርት ነው። ሻይዎን ይተዉትና ይግቡ" አሉት። እምቢ ለማለት ምክንያት አጣ። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሲስተር ጠመኔ አንስተው መጻፍ ጀመሩ። መነሻው ቁስል። መጀመሪያ ብርድ ብርድ ይላል። ከዚያ የሚግል፣ የሚቀላ ቆዳ። ቶሎ ቶሎ የሚል ትንፋሽ። የሚዘባርቅ አፍ። እያንዳንዱ መስመር በተጻፈ ቁጥር ሟቹ ወንበሩ ላይ እያነሰ ሄደ። የጻፉት የሚስቱን እሁድ ነው። ይህ ሁሉ በየዓመቱ እዚህ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍና ሲጠፋ እሱ ከታች ሻዩን ሲያማስል ነበር።

"በማስመሰል አይመጣም ያልኳቸው ሟቹ ጋሼ" አሉ ሲስተር ወደ ኋላ እያመለከቱ፣ "ቤታቸው ውስጥ በእጃቸው ዳስሰው ለዩት። ይንገሩን እስቲ፤ ሲነኳት ምን ተሰማዎት?"

ክፍሉ ሙሉ ዞረ። ሟቹ ተነሳ። በዚህ ክፍል ውስጥ ስንት ሞት ሞቷል፤ እንዲህ ያለውን ግን አላወቀውም ነበር። እውነቱ ምላሱ ላይ መጣና እዚያው ቆመ።

"ትግላለች" አለ። "በጣም ትግላለች።" ተቀመጠ። አጨበጨቡለት።

ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ መኪናዋ ጋ ናት። ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያ ቀኗ ነው። በተቆረጠችው ጣት ፋንታ በመሃል ጣቷ ጨርቁን ለመግፋት ትታገላለች። ቀና ሳትል "ዛሬ በምን ሞትክ?" አለችው።

ሸሚዙን ሳያወልቅ ከፊት ለፊቷ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

"ያን ቀን" አለ፣ "ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ አይደለም የተኛሁት።"

መኪናው ቆመ።

"የምትጫወቺ መስሎኝ ነው። ሳቅሁብሽ። እያረምኩሽ ነበር። ዛሬ ደግሞ አጨበጨቡልኝ፤ ዝም አልኩ። በራሴ አፈርኩ፤ ዓይንሽን ማየት አቅቶኛል።"

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን ታውቂያለሽ? አላስታውስም ስትዪ አልነበር?"

"ለሰው ምን ልበል ታዲያ? ስሞት ባሌ ሲስቅብኝ ነበር ልበል?" ጨርቁን ጉልበቷ ላይ አጠፈችው። አልተቆጣችም፤ ድምጿ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። "ድመቷን አላስታውሳትም፤ ታክሲ ውስጥም ሳነሳት ሰምታ ልጃችን ናት የነገረችኝ። ያንተን ድምፅ ግን ሰምቼዋለሁ። አንገትሽን አዘንብይ አልከኝ፤ አዘነበልኩ። ትንፋሽሽን ቀንሺ አልከኝ፤ እሱ እምቢ አለኝ እንጂ ሞክሬ ነበር።"

"ለምን?" አላት። "ለምን እሺ አልሽኝ?"

"በደንብ ካደረግሁት ታምነኛለህ ብዬ ነዋ።"

ሟቹ አንገቱን ደፋ። ከውጭ የሰው ኮቴ አለፈ፤ ጎረቤት በሩን ዘጋ። መርፌና ክሩን ወደ እሱ ዘረጋችለት፤ በዚያ ጣት ክር ማስገባት አልቻለችም ነበር። ተቀበላት። ክሩን በምራቁ አርሶ ወደ ቀዳዳው አስጠጋው፤ ሳተው፣ እንደገና ሞከረ። እሷም ሳታርመው ጠበቀችው።